«ጎ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ በኀላፊ ጊዜ

እንግሊዝኛ የተማርን ሁሉ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያልን በቃላችን አጥንተናል። ሦስቱን ቃላት የሚረሳ ተማሪ ብዙ አይደለም፤ እያንዳንዱን በየስፍራው የሚያገባውም እንዲሁ ብዙ አይደለም።

አስቀድሞ ስለ ቅርጻቸው ጥቂት እንበል። «ዌንት» በመሠረቱ የ«ጎ» ዘር አይደለም። «ዌንድ» ከሚባል፣ መዞርና መጓዝ ማለት ከሆነ ሌላ ግሥ ተወስዶ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ የ«ጎ» ኀላፊ ሆኖ ጸና። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኛም «መጣ» ለሚለው ግሥ ትእዛዙን «ና» እንላለን። ደግሞም «ዲድ» ራሱ የኀላፊ ምልክት ስለ ሆነ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው «ጎ» እንጂ «ዌንት» አይደለም።

ዋናው ችግር ግን ከቅርጹ ይልቅ በጊዜው አመራረጥ ላይ ነው። በአማርኛ «ትናንት ወደ ጎንደር ሄዷል» ብንል የሚነቅፈን የለም፤ የቅርብ ኀላፊያችን ከ«ትናንት» ጋራ ይስማማልና። እንግሊዝኛ ግን ይህን አይቀበልም። ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ ወይም በ1953 ዓ.ም. ተብሎ ጊዜው ተወስኖ ሲነገር «ሂ ዌንት» ይባላል። ጊዜው ሳይወሰን፣ ሰውየውም ገና ሳይመለስ ሲሆን «ሂ ሃዝ ጎን» ይባላል። ሄዶ የተመለሰ እንደ ሆነ ግን «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ጎንደር» ነው፤ ይኸውም «ጎንደር ሄዶ ያውቃል» እንደምንለው ነው።

«ሄዶ ነበር» የሚለውንም ሁልጊዜ «ሂ ሃድ ጎን» ብሎ መመለስ አይገባም። ይህ የሚነገረው «እኛ ስንደርስ እርሱ ሄዶ ነበር» እንደ ማለት፣ ካለፈ ነገር አስቀድሞ ለተፈጸመ ሌላ ነገር ነው። ያለዚያ «ሂ ዌንት» ይበቃል።

ነገሩ የሰዋስው ጌጥ ብቻ አይደለም። በጥናት ጽሑፋችን ስለ አንድ መንደር ገበሬዎች «ዜይ ሃቭ ጎን ቱ ታውን» ብለን ብንጽፍ፣ ገበያ ውለው የተመለሱትን ሰዎች አንባቢው አገራቸውን ለቀው እንደ ሄዱ አድርጎ ይረዳቸዋል፤ በዚያም ላይ የሚመሠርተው አሳብ ሁሉ ከእውነቱ ይርቃል። ስለዚህ ግሡን ከመጻፋችን በፊት፦ ጊዜው ተወስኗልን? የሄደውስ ተመልሷልን? ብለን እንጠይቅ። መልሱ የትኛው ቃል እንደሚገባ ያሳየናል።