ትራኩን ሸጦ ብሮከር ለሆነ ሰው

ዳላስና አካባቢው ላይ የኛ ሰው በጭነት ሥራ የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል። መጀመሪያ ለሰው ይነዳል፤ ቀጥሎ የራሱን ትራክ ይገዛል። ወገብ ማመም ሲጀምርና ልጆች ሲያድጉ ትራኩ ይሸጥና ቤት ተቀምጦ በስልክና በኮምፒውተር ጭነት ማገናኘት ይመጣል። እኔ የእነዚህን ሰዎች ታክስ እሠራለሁ። ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ደረሰኝ ያስቀምጣሉ፣ ሰዓት ያከብራሉ። የሚያስቸግረኝ ሌላ ነገር ነው። ሥራቸው ተቀይሯል፣ ወረቀታቸው ግን አልተቀየረም። ሰውየው ብሮከር ሆኗል፤ ታክሱ ገና ሹፌር ነው።

አንድ ጋሼ ወረቀታቸውን በላስቲክ ከረጢት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እንደ ድሮው የመንገድ አበሌንም ጻፊልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ የት የት ሄዱ?»

«ኧረ የትም አልሄድኩም፤ ቤቴ ነው የምሠራው።»

አበሉ ከቤቱ ርቆ ለሚያድር ሹፌር የተሰጠ ነው። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በቀን 80 ዶላር ሲሆን፣ ከዚያ ላይ ሰማንያ በመቶው ከገቢ ይቀነሳል። ሳሎን ተቀምጦ ስልክ ለሚያነጋግር ሰው አይሠራም። የአምናውን ወረቀታቸውን ስገልጥ የሥራው ኮድ በ484 ይጀምራል፤ ይህ የጭነት መኪና ሥራ ኮድ ነው። ለምሳሌ 484121 ማለት ሙሉ ጭነት ይዞ ረጅም መንገድ የሚሄድ ማለት ነው። የብሮከር ኮድ 488510 ነው፤ የጭነት መጓጓዣን የሚያመቻች እንጂ የሚጭን አይደለም። የአይአርኤስ ፎርም ላይ ያለው ዝርዝር አጠር ያለ ስለሆነ ስድስቱም ቁጥር ላይገጥም ይችላል፤ ቢሆንም በ488 የሚጀምረውን መፈለግ ነው። ኮዱ ብቻውን ታክስ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ነገር ግን 484 የሚለውን ያየ መርማሪ ነዳጅና ጎማ ይፈልጋል። እነሱን አጥቶ ለባለ ትራኮች የተከፈለ ስምንት መቶ ሺህ ዶላር ሲያገኝ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም።

ኮዱን ከመምረጥ በፊት ግን ሰው ራሱ ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። የፌዴራሉ የጭነት መኪናዎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍኤምሲኤስኤ፣ ብሮከር የሚለው ዋጋ ተቀብሎ የሌላውን ሰው ዕቃ በሌላ ሰው ትራክ እንዲጓጓዝ የሚያመቻቸውን ነው። ዲስፓቸር ደግሞ የባለ ትራኩ ወኪል ነው፤ ሎድ ይፈልግለታል፣ ፐርሰንቱን ከእሱ ይቀበላል። በወሬ ሲነገር ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ሥራው ላይ ግን ይደበላለቃል። «እኔ ዲስፓቸር ነኝ» ይለኛል አንዱ፤ የባንክ ወረቀቱን ሳይ ከላኪው ፋብሪካ ገንዘብ ተቀብሎ የራሱን ቆርጦ ቀሪውን ለሦስት የተለያዩ ባለ ትራኮች ልኳል። መሥሪያ ቤቱ በጁን 2023 ባወጣው ማብራሪያ፣ በላኪውና በባለ ትራኩ መካከል ያለውን ገንዘብ መያዝ የብሮከር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ በጣም የሚጠቁም ነገር ነው ብሏል። ባለ ትራኩም ቢሆን በስሙ የያዘውን ሎድ ለጓደኛው አሳልፎ መስጠት አይችልም። በ2012 የወጣው ሕግ ያለ ብሮከር ፈቃድ እንዲህ የሚያደርግ ሰው በእያንዳንዱ ጥፋት እስከ 10,000 ዶላር እንዲቀጣ ደንግጓል። «ያው ወንድሜ ነው የጫነው» የሚል መልስ አያድንም።

ወደ ምዝገባው ስንመጣ፣ ቴክሳስ ውስጥ ኤልኤልሲ ለማቋቋም 300 ዶላር ለስቴቱ ይከፈላል። የግብር መለያ ቁጥሩ፣ ኢአይኤን የሚባለው፣ ከአይአርኤስ በነፃ ነው የሚሰጠው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው፣ ለዚሁ ቁጥር መቶና ሁለት መቶ ዶላር ለማያውቁት ድረ ገጽ ከፍለው የመጡ ብዙ ስላየሁ ነው። ቀጥሎ ለኤፍኤምሲኤስኤ የብሮከር ማመልከቻ ይገባል፤ ክፍያው ሌላ 300 ዶላር ነው፤ ሐሳብ ቢቀየርም አይመለስም። በየስቴቱ የፍርድ ቤት ወረቀት የሚቀበልላችሁን ወኪል የሚያሳውቀው ቢኦሲ-3 አለ። በየዓመቱ የሚታደሰው ዩሲአር የሚባል ምዝገባም አለ፤ ለብሮከር በ2025 46 ዶላር ነበር። እነዚህ ጥቃቅን ናቸው።

ትልቁ ቦንዱ ነው። እስከ 2013 ድረስ 10,000 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ዓመት ኦክቶበር ጀምሮ 75,000 ሆኗል። ሰው ቁጥሩን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ሙሉው ገንዘብ ከኪስ አይወጣም። ቢኤምሲ-84 በሚባለው መንገድ አንድ የዋስትና ካምፓኒ ይዋሳል፤ ብሮከሩ በየዓመቱ የዋስትናውን ዋጋ ይከፍላል፤ ዋጋው ክሬዲቱን አይቶ ይወሰናል። ቢኤምሲ-85 ደግሞ ገንዘቡን ራሱን በአደራ ማስቀመጥ ነው። ለዋሱ በየዓመቱ የሚከፈለው የሥራ ወጪ ስለሆነ ከገቢ ይቀነሳል። በቢኤምሲ-85 የተቀመጠው ግን አሁንም የራስ ንብረት ስለሆነ ወጪ ተብሎ አይጻፍም። ይህን የሚያምታቱ አሉ። ሌላው የሚያምታታው ቦንዱን እንደ ኢንሹራንስ ማየት ነው። ዋሱ ላልተከፈለው ባለ ትራክ ከከፈለ በኋላ ዞሮ ገንዘቡን ከብሮከሩ ይጠይቃል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ ዋስትናው ተነክቶ ከ75,000 በታች ሲወርድ በአጭር ጊዜ ውስጥ ካልተሟላ ፈቃዱ ይታገዳል።

ምዝገባው እንዳለቀ የፖስታ ሳጥኑ ይሞላል። የመንግሥት ማኅተም የሚመስል ነገር ያለባቸው ደብዳቤዎች ይመጣሉ፤ ፖስተር ግዙ፣ ሰርተፊኬት አውጡ፣ የባለቤትነት ሪፖርት በዚህን ያህል ዶላር እናስገባላችሁ ይላሉ። የባለቤትነቱ ሪፖርት ከማርች 2025 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ለተቋቋሙ ድርጅቶች ቀርቷል። ደብዳቤው ግን አሁንም ይመጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

አሁን ታክሱ። ብሮከር እንደ እድር ገንዘብ ያዥ ነው፤ በእጁ ብዙ ያልፋል፣ የእሱ የሆነው ጥቂት ነው። ከፎርት ወርዝ አትላንታ የሚሄድ አንድ ሎድ እንውሰድ። ላኪው 2,400 ዶላር ይከፍላል፤ ባለ ትራኩ 2,050 ይቀበላል፤ ለብሮከሩ 350 ይቀራል። በዓመት እንዲህ ያለ አራት መቶ ሎድ ቢሠራ ባንኩ ውስጥ 960,000 ዶላር ገብቷል፣ 820,000 ወጥቷል፣ 140,000 ቀርቷል። ለቦንዱ፣ ለሎድ ቦርዱ፣ ለስልኩ፣ ለቢሮውና ለሌላው 40,000 ቢያወጣ ትርፉ 100,000 ነው። ታክስ የሚሰላው በዚህ ላይ ነው። እኔ ላይኛው መስመር ላይ የገባውን በሙሉ እጽፋለሁ፤ ከሥሩ ለባለ ትራኮች የተከፈለውን ለብቻው አሳያለሁ። አንድ ዓመት ሙሉውን፣ ሌላ ዓመት ኮሚሽኑን ብቻ መጻፍ ግን ራስን ለጥያቄ ማጋለጥ ነው።

ኤልኤልሲ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ «ኤልኤልሲ ስላለኝ ታክሴ ያንሳል አይደል?» ይለኛል። አያንስም። ባለቤቱ አንድ ሰው የሆነ ኤልኤልሲ ሌላ ምርጫ ካላስገባ በአይአርኤስ ዓይን እንደሌለ ነው የሚቆጠረው፤ ገቢው በግል ታክስ ላይ፣ ስኬጁል ሲ በሚባለው ገጽ ይጻፋል። ከመደበኛው የገቢ ታክስ ሌላ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ አለ፤ የሚሰላውም በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ነው። ከላይ ባየነው 100,000 ዶላር ላይ ወደ 14,130 ዶላር ይመጣል። ደመወዝተኛ ሳለ ግማሹን አሠሪው ይከፍልለት ስለነበር አይቶት አያውቅም። ትራክ የነበረው ሰውም ቢሆን የትራኩ ዋጋ መቀነሻ፣ ነዳጁና ጥገናው ትርፉን ዝቅ ስለሚያደርጉለት ይህን ያህል አልተሰማውም። የብሮከር ወጪ ቀጭን ነው፤ ትርፉ ሜዳ ላይ ይወጣል። አንድ ሙሉ ዓመት ምንም ሳይከፍሉ ኤፕሪል ላይ የሚመጡት ቁጥሩን ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። አይአርኤስ በዓመት አራት ጊዜ ግምታዊ ክፍያ ይጠብቃል፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15፣ ከዚያም በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ 15።

ኤስ ኮርፖሬሽን የሚባለውን ምርጫ ወንድም ለወንድም እየነገረው ሁሉም ይጠይቀኛል። ራስን ደሞዝተኛ አድርጎ፣ ተገቢ ደሞዝ ከፍሎ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ትርፍ ከ15.3ቱ ማውጣት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ለሚገባው ሰው። ለራሱ በየወቅቱ የደሞዝ ታክስ ማስገባትና በማርች 15 የተለየ የድርጅት ታክስ መሥራት ይከተላል። በመጀመሪያው ዓመት ሠላሳ ሺህ ላተረፈ ሰው የሒሳብ ሠራተኛውን ነው የሚጠቅመው፤ እኔን ማለት ነው።

ስለ 1099 ደግሞ አንድ የሚያሳርፍ ነገር አለ። ለጭነት ማጓጓዣ ለባለ ትራክ የተከፈለ ገንዘብ 1099 አያስፈልገውም፤ ደንቡ የጭነት ክፍያን ለይቶ አውጥቶታል። በኮሚሽን ለሚሠራላችሁ ወኪል ግን ያስፈልጋል። እስከ 2025 ድረስ ለተከፈለው መነሻው 600 ዶላር ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ ለሚከፈለው 2,000 ሆኗል።

ቴክሳስ የግል ገቢ ታክስ የላትም፤ የድርጅት ፍራንቻይዝ ታክስ ግን አላት። የ2026 ሪፖርት መነሻ 2.65 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከዚያ በታች ያለ አይከፍልም። የሚታየው ጠቅላላ ገቢ ስለሆነ ኪሱ የገባው ትንሽ የሆነ ብሮከር ሳያስበው ሊጠጋው ይችላል። የማይከፍለውም ቢሆን በየሜይ 15 የድርጅቱን መረጃ ማስገባት አለበት። «ዕዳ የለብኝም» ብሎ ዝም ያለ ድርጅት የመሥራት መብቱን ሊያጣ ይችላል።

ትራኩን ሳይሸጥ ብሮከርነትንም የጨመረ ሰው ሁለቱን ሒሳብ መለየት ግዴታው ነው። የፌዴራሉ ደንብ ክፍል 371 ሌላ ንግድ ያለው ብሮከር የድለላውን ገቢና ወጪ ለብቻው እንዲይዝ ያዛል። የእያንዳንዱን ሎድ መዝገብም ሦስት ዓመት ማስቀመጥ አለበት፦ ላኪው ማን እንደነበር፣ ባለ ትራኩ ማን እንደነበር፣ ብሮከሩ ስንት እንደተቀበለ፣ ለባለ ትራኩ መቼ እንደተከፈለ። ባለ ትራኩም ሆነ ላኪው ይህን መዝገብ ለማየት መብት አላቸው። ሹፌር ሳለ «ብሮከሩ ስንት ወሰደ?» እያለ ሲናደድ የኖረ ሰው አሁን ያንኑ ጥያቄ ሊጠየቅ ነው፤ ይዘጋጅበት።

የመጨረሻው የዓመቱ መዝጊያ ነው። አብዛኛው ሰው ሒሳቡን የሚይዘው ገንዘብ በገባና በወጣ ቀን ነው። ላኪው ዲሴምበር 29 ላይ 60,000 ዶላር ከፍሎ ለባለ ትራኮቹ የሚከፈለው ጃንዋሪ 4 ከሆነ፣ የአሮጌው ዓመት ትርፍ በወረቀት ላይ ያብጣል፤ የሌላ ሰው ገንዘብ ላይ ታክስ የከፈሉ ይመስላል። ከዲሴምበር 31 በፊት ባለ ትራኮቹን መክፈል ይህን ያስቀራል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን እኔም ሆንኩ ሌላ ታክስ ሠራተኛ የምናደርገው የለም። ስለዚህ ኤፕሪልን አትጠብቁ። ያልተከፈሏችሁንና ያልከፈላችኋቸውን ሎዶች ዝርዝር ይዛችሁ በዲሴምበር መጀመሪያ ኑ።