ያውቁ ኖሯል? ለአንድ ደጃፍ ብቻ የሚዜም ኮንሰርት

ላሊበላ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የላስታን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነው። በዚሁ ስም የሚጠሩ አንጎራጓሪዎች መኖራቸውንስ ያውቁ ኖሯል? ላሊበላዎች ወይም ሐሚናዎች ይባላሉ፤ ጎህ ሳይቀድ ከሰው ደጅ ቆመው ያዜማሉ፤ ብዙ ጊዜም ባልና ሚስት ሆነው ነው።

አዝማሪ ማሲንቆ አለው፣ በገና ደርዳሪ አሥር አውታር። ላሊበላ ግን ከጉሮሮው በቀር የያዘው የለም። ወንዱ ግጥሙን ያወርዳል፤ ሴቷ ቃል በሌለው ዜማ ትቀበለዋለች።

ትልቁ ጥበብ ያለው ከዜማው በፊት ነው። የባለቤቱን ስም፣ ሥራውን፣ ሃይማኖቱን፣ የልጆቹን ነገር ከጎረቤት ጠያይቀው ይደርሱበታል። ከዚያ ገና ከጋቢው ያልወጣ ሰው የራሱን ታሪክ በዜማ ይሰማል (ማን ነገራቸው?)። ለአንድ ቤት ብቻ የተሰናዳ እንዲህ ያለ ኮንሰርት በየትኛው አዳራሽ ይገኛል? ገንዘብ፣ እህል ወይም ልብስ ሲሰጣቸው ምርቃቱን ያዥጎደጉዱታል፤ ወዲያው ወደ ቀጣዩ ደጅ።

ማዜም ያቆመ ላሊበላ በቁምጥና ይያዛል የሚል የቆየ እምነት አለ። በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን ያገኘው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ግኝቱ ግን የላሊበላዎቹን የንጋት ዜማ አላስቆመውም። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢትሱሺ ካዋሴ በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ ላሊበላዎች ፊልም ሲሠራም ደጅ ለደጅ ያዜሙ ነበር።