እሳት የማይጨርሰው ቆሻሻ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የአንዱን ቤት ቁም ሳጥን ብንከፍት መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ፣ አልሞላ ያለ ፓወር ባንክ፣ የተበጣጠሰ የቻርጀር ገመድ አናጣም። ወደ ኢታንግና ወደ ላሬ ወረዳዎች ስንወጣ ደግሞ የሶላር ፋኖሱ ይበዛል። የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰባቸው መንደሮች፣ እንደ ኩሌና ቴርኪዲ ያሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎችም ማታ ማታ ብርሃን የሚያገኙት በአብዛኛው በእሱ ነው። ፋኖሱ ኩራዝን ከነጭሱ ከቤት አስወጥቷል፤ ውለታው ትልቅ ነው። ባትሪው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል።

የደከመው ባትሪ ብዙ ጊዜ ጓሮ ይጣላል፤ ወይ ከቅጠሉና ከፌስታሉ ጋር ይቃጠላል፣ ወይ ይቀበራል። ባሮ ወንዝ ሲሞላ ሰፈር በሚያጥለቀልቅበት አገር የተቀበረ ነገር ተቀብሮ አይቀርም። ውኃው ያጠበውን ይዞ ይወርዳል፤ ዓሣ የሚጠመደውም ከዚያው ወንዝ ነው። ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፣ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ልንጠነቀቅ የሚገባን ከትልቁ የአሲድ ባትሪ ነው፤ የመኪናም ይሁን የቤት ሶላር። ውስጡ እርሳስ የተባለ ብረት፣ ቆዳ የሚያቃጥል አሲድም አለ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ስለዚህ አሲዱን መሬት ላይ ማፍሰስ፣ እርሳሱን በቤት እሳት ማቅለጥ ፈጽሞ አይገባም። ባትሪው ሳይከፈትና ሳይጋደም፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ፣ በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ይቀመጥ።

የስልክና የፋኖስ ሊቲየም ባትሪ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ጠላቱ ሙቀት ነው። ጋምቤላ በበጋ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትሞቃለችና በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ፀሐይ ላይ የተተወ ባትሪ ሊያብጥ፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ያበጠውን መብሳት፣ መጫን፣ እንደገና መሙላት የለብንም። ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍኖ፣ ደረቅ አሸዋ በያዘ ጣሳ ውስጥ ጥላ ሥር ማኖር ይሻላል። መዳብ ለማውጣት ገመድ ማቃጠልም ይቅር፤ የፕላስቲኩ ጭስ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው።

ከመጣል በፊት ጥገና ይቅደም። ስንጥቅ መስታወት ወይም የላላ የቻርጀር ቀዳዳ ስልክን አያስጥልም፤ የማይጠገነውም ቢሆን ለጠጋኙ መለዋወጫ ይሆናል። ስንሰጥ ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን አውጥተን፣ ፎቶና መልእክቱን አጥፍተን ይሁን።

በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመንጭታለች፤ ከዚህ ውስጥ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩቡን እንኳ አይሞላም። በእኛ አገር ይህን ቆሻሻ የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል፤ አዲስ አበባ አቃቂም ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን የሚፈታ ማዕከል ተቋቁሟል። ከጋምቤላ አዲስ አበባ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ለአንድ ፋኖስ ያን መንገድ አይሄድም። ሸክሙ መጀመሪያ ሊያርፍ የሚገባው ፋኖሱን በሚያድሉትና በሚሸጡት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲሱን ሲሰጡ የሞተውን ይቀበሉ፤ በየወረዳው አንድ ደረቅ መጋዘን ይኑርና አንድ መኪና ሲሞላ ይላክ። እስከዚያው ድረስ ቀበሌው፣ ትምህርት ቤቱ ወይም ጥገና ቤቱ ለባትሪ ብቻ የሚሆን አንድ ክዳን ያለው ዕቃ ማስቀመጥ ይችላል።