ጳጉሜን 6 እና የሶፍትዌር ፍተሻ

ከአትላንታ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው ኮንየርስ የሚኖር አባት፣ ልጁን ከኢትዮጵያ ለማስመጣት ቅጽ ሲሞላ የልደት ቀኑን በስልኩ መተግበሪያ ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይቀይራል እንበል። ቀኑ በአንድ ቢዛነፍ ቅጹና የልጁ ፓስፖርት አይስማሙም።

እንዲህ ያለውን ስሕተት ፕሮግራመሮች የሚይዙት ኮምፒውተሩ ራሱ በሚያካሂደው ፍተሻ ነው፦ ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ ይጻፋል፤ የፕሮግራሙ ውጤት ከዚያ ከተለየ ፍተሻው «ወድቋል» ይላል።

ችግሩ የፈታኙ ምርጫ ነው። መስከረም 1 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ላይ ስለዋለ፣ አዲስ ዓመትን ዘወትር በዚያ ቀን የሚያውል የተሳሳተ ፕሮግራም እንኳ ፍተሻውን ያልፋል። ነገር ግን 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ወደ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ተሻገረ። የአንዱ ቀን ልዩነት እስከ የካቲት 21፣ ማለትም እስከ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ዘልቆ በማግስቱ ጠፋ። ጠንቃቃ ፈታኝ እንግዲህ እነዚህኑ የድንበር ቀናት መርጦ ይጠይቃል፤ በተለይም ጳጉሜን 6ን።