የሕፃን ትንፋሽ ስለ መቍጠር

በአገራችን «ምች» የሚለው ቃል ብዙ ዓይነት ሕመም ተሸክሞ የሚኖር ቃል ነው። ላብ ያለበትን ሰው ፀሐይ ቢመታው ምች ነው፤ ድንገት ትኵሳት ቢነሣበት፣ ከንፈሩ ቢቈስል ምች ነው፤ መድኃኒቱም ዳማከሴ ነው። የሳንባ ምች ግን ከዚህ ምች ጋር ያለው ዝምድና የስም ብቻ ነው። ስሙ አንድ በመሆኑም ሕፃኑ በዳማከሴ ይታሻል፤ በዚህ መካከል ጊዜው ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2019 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ብቻ ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ከ740,000 በላይ ሕፃናት በሳንባ ምች ሞተዋል። ይህም በዚያ ዓመት በዚሁ ዕድሜ ከሞቱት ሕፃናት ሁሉ ከመቶ 14ቱ መሆኑ ነው።

ሳንባ እንደ ተገለበጠ ዛፍ ነው። ግንዱ የአየር ቧንቧ ሲሆን፣ ቅርንጫፎቹ እየቀጠኑ ሄደው በጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያልቃሉ። ኦክሲጅን ወደ ደም የሚገባው በእነዚህ ከረጢቶች ስስ ግድግዳ በኩል ነው። ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ በገባባቸው ጊዜ ከረጢቶቹ በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ፤ የሚገባውም ኦክሲጅን ይቀንሳል። ሰውነት የጐደለውን ለመሙላት ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይጀምራል። ሕመሙ ሲጠና ሳንባው ለመለጠጥ እንቢ ይላል፤ የሕፃን ደረት ለስላሳ ነውና አየር በሚስብበት ጊዜ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጕዳል። እንግዲህ በሽታው ከደረት ውስጥ ቢሸሸግም በውጭ ሁለት ምስክሮች አሉት ማለት ነው።

እነዚህን ምስክሮች በሚገባ ካጠኑት ሰዎች አንዱ በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ጎሮካ በምትባል የደጋ ከተማ ይሠራ የነበረው የሕፃናት ሐኪም ፍራንክ ሻን ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያስል ሕፃን መድኃኒት ወይም ሆስፒታል የሚያስፈልገው መሆኑን በትንፋሽ ፍጥነትና በደረት መሰርጐድ መለየት እንደሚቻል አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን መንገድ ተከትሎ ለየዕድሜው ወሰን አበጀ።

አቈጣጠሩ እንዲህ ነው። ሕፃኑ በማያለቅስበትና በማይጠባበት ጊዜ ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ ሰዓት ይዞ፣ ሆዱና ደረቱ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቍጠር ነው። ግማሽ ደቂቃ ቈጥሮ በሁለት ማባዛት አይበቃም፤ የሕፃን ትንፋሽ ወጥ አይደለምና። ዕድሜው 2 ወር ላልሞላው 60፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው 50፣ ከአንድ እስከ 5 ዓመት ላለው 40፣ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነውና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ደረቱ የሚሰረጕድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ወይም ፈዝዞ አልነቃ ያለ ከሆነ ግን ቈጠራም ሳይጠበቅ ሊወሰድ ይገባዋል።

ብዙ ጊዜ ሕፃኑን የሚገድለው የመድኃኒት እጦት ብቻ አይደለም። ከባክቴሪያ የመጣው የሳንባ ምች አሞክሲሲሊን በተባለ ርካሽ መድኃኒት ይድናል፤ በኢትዮጵያም ከ2010 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው የሳንባ ምችን እንዲያክሙ ተፈቅዷል። ነገር ግን ሳል የጠናበት ሕፃን «ብርድ መታው» ተብሎ ይታቀፋል፤ «እንጥሉ ወረደ» ተብሎም ወደ እንጥል ቈራጭ ይወሰዳል። በዚያም ደም ይፈሰዋል፤ ቍስሉ ይመረቅዛል፤ ሳንባው ግን እንደ ታመመ ይቀራል።

መከላከያውም ከቤት ይጀምራል። እናት ልጅዋን አዝላ እንጀራ ስትጋግር የኩበቱና የእንጨቱ ጢስ የሚገባው በሁለት ሳንባ ነው፤ እንዲህ ያለው ጢስ ሕፃኑ በሳንባ ምች የመያዙን አደጋ በእጥፍ ያህል ያሳድገዋል። ልጁን ከማድ ቤት አውጥቶ ለሌላ ሰው ማስያዝ፣ ለጢሱም መውጫ ማበጀት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የጡት ወተት ይጠብቀዋል። ከዚህም ሌላ ከ2011 ጀምሮ በአገራችን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ዕድሜ የሚሰጥ የሳንባ ምች ክትባት አለ፤ የኩፍኝ ክትባትም ቢሆን ኩፍኝ ከሚያስከትለው የሳንባ ምች ያድናል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እኛ ብዙዎቻችን በክረምት ወደየአገራችን እንገባለን። ያ ወቅት ዝናቡ ልጆችን ከምድጃ አጠገብ የሚሰበስብበት ወቅት ነው። የሕክምና ተማሪ ያልሆነውም የሕግ፣ የታሪክ ወይም የሒሳብ ተማሪ እስከ ስድሳ መቍጠር አያቅተውም። የጎረቤት ልጅ ሲያስል ቢሰማ «ይማርህ» ብሎ ከማለፍ፣ እናቲቱን አስፈቅዶ አንድ ደቂቃ ይቍጠር፤ አቈጣጠሩንም ለእርስዋ ያስተምራት። እኛ ወደ ትምህርታችን ስንመለስ ከልጁ ጋር የምትቀረው እርስዋ ናትና።