ድምፁ ዘግይቶ የተሰማ ዘፋኝ

አንዳንድ ሰው ሲያዝን ይጮኻል፤ አንዳንዱም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሁለተኛውን ኀዘን ለመስማት ቀረብ ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ዘፋኝና የዜማ ደራሲ ኒክ ድሬክ ከእነዚህ አንዱ ነበረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ኒክ ድሬክ የተወለደው አባቱ በመሐንዲስነት ይሠሩበት በነበረው በበርማ አገር፥ በራንጉን ከተማ በ1948 ዓ.ም. ነው። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ እንግሊዝ አገር ተመልሰው ታንዎርዝ ኢን አርደን በምትባል መንደር ተቀመጡ። እናቱ ወይዘሮ ሞሊ ፒያኖ እየተጫወቱ የራሳቸውን ግጥምና ዜማ ይደርሱ ነበር፤ ድርሰታቸው ግን በቤት ውስጥ ተቀረጸ እንጂ በሕይወታቸው ሳሉ ለገበያ አልቀረበም። እንግዲህ ልጁ ያደገው እንዲህ ያለ ዜማ በሚሰማበት ቤት ነው።

በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሲያጠና ቈይቶ ትምህርቱን ሳይፈጽም ተወው፤ የመጀመሪያ ሸክላውም በ1969 ዓ.ም. ወጣ። የአዘፋፈኑ ጠባይ እንዲህ ነበረ፤ ድምፁ ለሹክሹክታ የቀረበ ነው፤ የጊታሩን ክሮች በጣቶቹ እየለየ ይመታል፤ ለልዩ ልዩ ዘፈንም ክሮቹን በልዩ ልዩ ቅኝት ያሰናዳል። «ሪቨር ማን» በተባለው ዘፈኑ ምቱ በአምስት ይቈጠራል፤ አራት የለመደ ጆሮ አንዲት ምት ትተርፈዋለች፤ ከበስተኋላውም ቫዮሊኖች ቀስ ብለው ይነሣሉ። ኀዘኑንም ብዙውን ጊዜ በወንዝ፥ በጨረቃና በዛፍ አመስሎ ይናገራል።

ይኸው ውበት በመድረክ ላይ ጐዳው። በአንዱ ዘፈንና በሌላው መካከል ጊታሩን እንደ ገና ሲቃኝ ረጅም ዝምታ ይሆናል፤ ተመልካቹም ወሬውን ይጀምራል። በዚህም ምክንያት በሕዝብ ፊት መዝፈንን ተወ። ሁለተኛው ሸክላ በ1971 ዓ.ም.፥ ሦስተኛው «ፒንክ ሙን» በ1972 ዓ.ም. ወጡ። ይህን የመጨረሻውን በሁለት ሌሊት ቀረጸው፤ በአንዱ ዘፈን ጥቂት ፒያኖ ከመግባቱ በቀር ጊታርና ድምፅ ብቻ ነው፤ ርዝመቱም ወደ 28 ደቂቃ ያህል ነው። በሕይወቱ ሳለ ከሦስቱ አንዱም 5,000 ያህል እንኳ አልተሸጠም።

ከዚያ በኋላ የመንፈስ ጭንቀት ጸናበትና በወላጆቹ ቤት ተቀመጠ። ቤተሰቡ ቸል አለው ለማለት አይቻልም፤ ሐኪም አሳይተውታል፤ አባቱም የልጃቸውን ሁኔታ በማስታወሻ ይጽፉ ነበር። በኅዳር ወር 1974 ዓ.ም. በ26 ዓመቱ ከመጠን ባለፈ መድኃኒት ምክንያት ዐረፈ። መርማሪው ዳኛ ራሱን እንዳጠፋ ቢወስንም ከሚያውቁት ሰዎች ይህን የተጠራጠሩ አሉ።

ኋላ ዘፈኖቹን የወደዱ ወጣቶች እየመጡ የወላጆቹን ደጅ አንኳኩ፤ እነርሱም በደግነት ተቀበሏቸው። በ1999 ዓ.ም. «ፒንክ ሙን» በአሜሪካ ለቮልስዋገን አውቶሞቢል ማስታወቂያ በቴሌቪዥን በተሰማ ጊዜ ሽያጩ በብዙ እጥፍ ጨመረ። በ1993 ዓ.ም. የሞቱት የእናቱ ዜማዎችም በ2013 ዓ.ም. በሸክላ ወጡ።

አንባቢ ሆይ፥ መልካም ሥራ ከሠሪው በኋላም ይሰማል፤ ይህ የሚያጽናና ነው። ነገር ግን የዛሬው ጭብጨባ ያን ጊታሩን ይቃኝ የነበረ ወጣት አይደርስበትም። በየቤታችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ልጅ ቢኖር፥ ቃኝቶ እስኪጨርስ ዝም ብለን እንጠብቀው።