ውሻን መኪና ውስጥ ቆልፎ «መጣሁ» ማለት ለምን ይገድላል?

«ኧረ አዲስ አበባ እኮ ብርድ ነው!» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት አንድ ቁጥር እንንገራችሁ፦ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ለአዲስ አበባ የተለመደ የቀን ሙቀት ነው፤ ጃኬት ደርበን የምንወጣበት።

አሜሪካ ውስጥ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ምን ያህል እንደሚሞቅ ለክተው ነበር። ውጪው ቀዝቀዝም ይበል ይሙቅ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የመኪናው ውስጥ በአማካይ ሌላ 22 ዲግሪ ይጨምራል። ደምሩት፤ 44 ዲግሪ። ከጭማሪው 80 በመቶው ደግሞ የሚመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ማለትም ማኪያቶ አዝዛችሁ ጠጥታችሁ ሒሳብ እስክትከፍሉ ባለው ጊዜ።

ለምን? የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ አልፎ ይገባና ወንበሩን፣ መሪውን፣ ዳሽቦርዱን ያግላል። እነሱ አየሩን ያሞቁታል፣ አየሩ ግን መውጫ የለውም። በቃ፣ ምድጃ ሆነ።

«መስታወቱን ትንሽ ከፈት አድርጌለታለሁ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እሱም ተሞክሯል፤ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ተከፍቶ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከመቆማችሁ በፊት ኤሲ ከፍታችሁ ብታቀዘቅዙትም የምታተርፉት አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ጥላ በርግጥ ይሻላል፣ ግን ጥላ ይሄዳል፤ ስትመለሱ መኪናው ፀሐይ ላይ ነው።

አሁን ወደ ውሻው እንምጣ። እኛ ሲሞቀን መላ ሰውነታችን ያልበናል፣ ልብስም እናወልቃለን። ውሻ የሚያልበው መዳፉ ላይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ካፖርቱንም አያወልቅም። ዋናው ማቀዝቀዣው ማለክለክ ነው፤ ምላሱ ላይ ያለው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል። ክፋቱ እዚህ ጋር ነው፤ ዝግ መኪና ውስጥ ብዙ ባለከለከ ቁጥር አየሩ በራሱ ትንፋሽ ይረጥባል፣ አየሩ ሲረጥብ ደግሞ ማለክለኩ መሥራት ያቆማል። ጤነኛ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። 41 ካለፈ አንጎልና ኩላሊት መጎዳት ይጀምራሉ። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ፑግና ቡልዶግ ያሉት፣ ቡችሎች፣ ያረጁና የወፈሩት ቶሎ ይሸነፋሉ።

(በነገራችን ላይ ያ የስታንፎርድ ጥናት የተሠራው ለውሻ ብሎ አይደለም፤ መኪና ውስጥ ተረስተው ስለሚሞቱ ሕፃናት ነበር። እሱንም ያዙት።)

አዲስ አበባ እንዲህ ከሆነ፣ ወደ ሐዋሳ ስትወርዱ ዝዋይ ላይ ለምሳ የምትቆሙት፣ ድሬዳዋ ወይ ሰመራ ያላችሁት፣ ዱባይ ሆናችሁ የምታነቡን፣ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ምግብ ቤቱ ውሻ አያስገባም? አንዱ ሰው ውጪ ጥላ ስር ይዞት ይቁም፣ በየተራ ብሉ። ካልሆነ ቤት ይቅር። ቅር ይለዋል፣ ግን አይሞትም።

የሰው ውሻ ተቆልፎበት ብታዩስ? የመኪናውን ታርጋ ያዙና የፓርኪንግ ሠራተኛውን ወይ የሕንፃውን ጥበቃ ባለቤቱን እንዲያስጠሩ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ እዚያው ፎቅ ላይ ነው። ብዙ ሐበሾች ባሉባት ካሊፎርኒያ ከ2017 ጀምሮ ሕጉ መስታወት ሰብሮ ማውጣትን ይፈቅዳል፤ ግን በሩ መቆለፉን ማረጋገጥ፣ መጀመሪያ ለፖሊስ ወይም ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች መደወል፣ እነሱ እስኪመጡም ከውሻው ጋር መቆየት ግዴታ ነው። በየአገሩ ሕጉ ይለያያልና «ጀግና ልሁን» ብላችሁ ድንጋይ ከማንሳታችሁ በፊት ደውሉ። ቪዲዮ መቅረፁ ይደርሳል።

ውሻው ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ ድዱ ደም መስሎ፣ እየተንገዳገደ ወይ እያስመለሰው ከወጣ ጊዜ የለም። ጥላ ስር አድርጉትና በሃይላንድ የያዛችሁትን፣ በጄሪካን ያገኛችሁትን ውሃ መላ ሰውነቱ ላይ አፍስሱበት፣ በካርቶንም ሆነ በጃኬት አራግቡለት። ነቅቶ ከሆነ ትንሽ ትንሽ ይጠጣ፤ አፉን ከፍታችሁ ግን አታጠጡት። እርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁም አትተዉት፣ ሙቀቱን መልሶ ያፍናል። መጀመሪያ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ወደ እንስሳት ሐኪም። ተነስቶ ጭራውን ቢቆላም ውሰዱት፤ የኩላሊትና የደም መርጋት ችግሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።